ወይራ የፈረንጅ ፋሽን አይደለም፦ ለአንድ ጽሑፍ ነጥብ በነጥብ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከዚም ከዚያም ሲላክልኝ ሰነበተ፣ መጀመሪያ እህቴ ላከችልኝ፣ ቀጥሎ አብራኝ የምትሠራ ልጅ፣ ከዛ የሰፈራችን ግሩፕ ላይ መጣ፣ ርዕሱ «የወይራ ፋሽን ይብቃን» ይላል። ላላነበባችሁት ባጭሩ ሚለው እንዲህ ነው፦ የኛ ወይራና የፈረንጆቹ ወይራ ከስም በቀር ምንም አያገናኛቸውም፣ ፍሬው መራራ ስለሆነ በጨውና በኬሚካል ካልሆነ አይበላም፣ ጥቁሩማ ጭራሽ ቀለም የተነከረ ነው፣ ዘይቱ እሳት ሲነካው መርዝ ስለሚሆን ለወጥ አይሆንም፣ ለልብ ጥሩ ነው ሚባለው የነጋዴ ወሬ ነው፣ ጉሮሮ ካቃጠለ ተበላሽቷል፣ ፍሪጅ ገብቶ ካልረጋ ደሞ ፎርጅድ ነው። መጨረሻ ላይ ደሞ የኛ የወይራ ዛፍ ከከሰል ውጪ ስለማይጠቅም ቆርጦ ባህር ዛፍ መትከል ይሻላል ብሎ ይዘጋል።

ጸሐፊው ወንድሜ በቅንነት እንደጻፍከው አምናለሁ፣ ዘይት እንዲህ በተወደደበት ጊዜ ሰው ብር እየከፈለ እንዳይታለል ማሰብህ ጥሩ ነው፣ አንዳንዱም ነገር ልክ ነህ፣ ልክ የሆንክበትን እየመጣሁበት እናገራለሁ። ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም ምክንያቱም እኔ መርሐቤቴ አያቴ ጋ የወይራ ጭስ እየሸተተኝ ያደግኩ ነኝ፣ ከዛ ደሞ ስድስት ዓመት ሊባኖስ ሰው ቤት ስሠራ ቤቱ ያለው ቤይሩት ሳይሆን ወደ ሰሜን ኩራ ሚባል አገር ነበር፣ ኩራ ማለት እስከ አይንህ ድረስ ወይራ ነው፣ ሜዳው በሙሉ። ስድስት የወይራ ለቀማ እዛ አሳልፌያለሁ። የዛ ኑሮ ሌላ ብዙ ነገር አለው እሱ የሌላ ቀን ወሬ ነው፣ ዛሬ ስለ ወይራ ብቻ ነው ማወራው።

«ስም እንጂ ምንም አያገናኛቸውም» ካልከው ልጀምር። ይሄ ስህተት ነው፣ ትንሽ ስህተትም አይደለም። የሊባኖሱም የስፔኑም የኛም ወይራ በሳይንሱ አንድ ዝርያ ናቸው፣ ኦሊያ ዩሮፒያ ነው ሚባለው። የኛው ኩስፒዳታ ሚባለው ንዑስ ዝርያ ሲሆን ከደቡብ አፍሪካ ተነስቶ በምሥራቅ አፍሪካ አልፎ በዓረብ ተራሮች አድርጎ እስከ ሂማላያ ድረስ ይበቅላል። የነሱ ደሞ ሰው በሺህ ለሚቆጠር ዓመት ትልቅ ፍሬ ያለውን፣ ዘይት የበዛበትን እየመረጠ ያላመደው ነው። የሀበሻ ዶሮና የፈረንጅ ዶሮ በለው፣ መጠናቸውም እንቁላላቸውም ይለያያል ግን ሁለቱም ዶሮ ናቸው። እርግጥ የኛው ፍሬ ጥቃቅን ነው፣ ሥጋው ስስ ነው፣ ውስጡ ድንጋይ የሆነ ዘር ነው፣ ዘይት ልጭመቅ ብትል ድካምህን አይከፍልህም፣ ወፎቹ ናቸው የሚበሉት። እዚህ ላይ ሱፐርማርኬት ያለውን ዘይት የኛ ዛፍ አይሰጥም ያልከው ልክ ነው። ዘመዳሞች አይደሉም ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

እኔ መጀመሪያ ኩራ የደረስኩ ቀን ከመኪና ስወርድ በር ላይ ያለውን ዛፍ ቅጠሉን ቀጠፍ አድርጌ አየሁት፣ ጠባብ፣ ጠንካራ፣ ላዩ ጥቁር አረንጓዴ፣ «ይሄማ ወይራ ነው» አልኩ ለራሴ፣ ሰው አገር መጥተህ የምታውቀው ነገር ስታገኝ ምን እንደሚሰማ የተሰደደ ሰው ያውቀዋል። ልዩነቱ ገልብጠህ ስታየው ነው፣ የነሱ ጀርባው ነጣ ብሎ ብር ይመስላል፣ ንፋስ ሲነፍስ ሜዳው በሙሉ ብልጭ ይላል፣ የኛው ጀርባው ወደ ወርቅማ ቡናማ ይሄዳል። የቤቱ ባለቤት እናት፣ ሁላችንም ተይታ ነበር የምንላቸው፣ አያቴ እንደማለት ነው፣ እኛ አገርም ወይራ አለ ስላቸው አላመኑኝም ነበር፣ በኋላ በስልክ ፎቶ ከቤት አስልኬ ሳሳያቸው «ወላሂ ዘይቱን ነው» አሉ፣ ከዛ በኋላ ለቀማ ላይ ሥራ ለምዳለች ብለው ከጎናቸው ነበር የሚያቆሙኝ።

ስሙን ራሱ እንየው። ዘይት የምንለው ቃል ከየት መጣ? በግእዝ ዘይት ማለት ወይራ ነው፣ ዛፉም ዘይቱም። ዕብራይስጡ ዛይት ይለዋል፣ ዓረቡ ዘይቱን። ደብረ ዘይት ማለት የወይራ ተራራ ማለት ነው፣ ኢየሩሳሌም ያለው ተራራ፣ የዐቢይ ጾም አምስተኛውን እሁድ በዚህ ስም የምንጠራው እኛ ነን፣ ቢሾፍቱን ስንት ዓመት ደብረ ዘይት ስንላት ኖርን። ስለዚ አንድ ሰው ሱቅ ሄዶ የፓልም ጀሪካን ሲገዛ እንኳ «ዘይት ስጠኝ» ብሎ በወይራ ስም ነው የሚጠይቀው። ከባህላችን ጋ አይገናኝም የምትለው ነገር አፋችን ውስጥ ነው ያለው። ኦሮምኛው ኤጀርሳ ይለዋል፣ ቀዳማዊ ኃይለሥላሴ በ1892 በአውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በሱ ናቸው) የተወለዱባት ኤጀርሳ ጎሮ በዚህ ዛፍ ስም ነው የምትጠራው፣ በትግርኛ ደሞ ኣውሊዕ ነው። ባዕድ ለሆነ ዛፍ ማን ነው አገሩን የሚሰይመው?

የጌቴሴማኒን ነገርም ልጨምር። ጌቴሴማኒ ማለት የዘይት መጭመቂያ ማለት ነው፣ እዛው ደብረ ዘይት ሥር ያለው የአትክልት ቦታ። እዛ አሁንም ስምንት ያረጁ የወይራ ዛፎች አሉ፣ ጣልያን ተመራማሪዎች በ2012 የሦስቱን ግንድ በካርቦን መርምረው ከ11ኛው መጨረሻና ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው ብለዋል፣ ማለት 900 ዓመት አካባቢ፣ ያውም ከመሬት በላይ ያለው ግንድ ብቻ ሲለካ፣ ምክንያቱም ወይራ ግንዱ ቢሞት እንኳ ከሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣል። ይሄን ደሞ በአይኔ ያየሁት ነው። በየዛፉ ሥር ዙሪያውን ቀጫጭን ቡቃያ ይወጣል፣ አሮጌው ግንድ መሀል ላይ ቆሞ ልጆቹ ከበውት። መዝሙረ ዳዊት ላይ ልጆችህ በማዕድህ ዙሪያ እንደ ወይራ ቡቃያ ይሆናሉ የሚለውን ሠርግ ላይ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ ግን ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ኩራ ያንን ግንድ ሳይ ነው። ለኖኅ ርግብ ይዛ የመጣችው ቅጠል ወይራ ነው፣ ቁርአን ውስጥም አት ቲን ሚባለው ሱራ በበለስና በወይራ ነው ሚጀምረው። የኢትዮጵያ ክርስቲያንም ሙስሊምም ይሄን ዛፍ ከሃይማኖቱ ውስጥ ነው የሚያውቀው፣ ከማስታወቂያ አይደለም።

ደሞ አቴንስ 2004 ትዝ ይበላችሁ። ቀነኒሳ በ10 ሺህ ወርቅ ሲወስድ ስለሺ ብር ሲወስድ፣ መሠረት ደፋር በ5 ሺህ ስታሸንፍ፣ ራሳቸው ላይ የተደረገላቸው የወይራ ቅጠል አክሊል ነው፣ ጥንት ኦሎምፒያ ላይ ያሸነፈ ሰው ሽልማቱ እሱ ስለነበር ግሪኮቹ መልሰው አመጡት። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ጎረቤት ቤት ቲቪ ከበን ስናይ አያቴ «ወይራ አደረጉላቸው» ብላ እልል አለች፣ ማንም ሳይነግራት ቅጠሉን ለይታ።

ወደ ፍሬው ልሂድ። «መራራ ስለሆነ ምግብ አይደለም፣ በጨውና በኬሚካል ነው ሚበላው» ብለሃል። መራራ መሆኑ እውነት ነው፣ ከዛፍ ቀጥፈህ ብትነክሰው ትተፋዋለህ፣ ኦሊዩሮፔይን ሚባል ንጥረ ነገር ነው መራራ ሚያደርገው። ግን በዚህ ሒሳብ ከሄድን ግብጦም ምግብ አይደለም፣ ግብጦም እኮ ቀን ከሌት ውሃ እየቀያየርክ ካልዘፈዘፍከው መራራ ነው፣ አረቄ ቤት ደጃፍ ግን ማን ይጠላዋል። ጌሾስ መራራ አይደል? መራራውን በትዕግሥት አውጥቶ ምግብ ማድረግ ጥበብ ነው፣ እኛም የምናውቀው ጥበብ ነው።

ተይታ ሲሠሩ እንዲህ ነው። አረንጓዴውን ፍሬ አንድ በአንድ በድንጋይ ቆረጥ ያደርጉታል፣ ዘሩ ሳይሰበር ሥጋው ብቻ ስንጥቅ እንዲል፣ ከዛ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ውሃው በየቀኑ ይቀየራል ሳምንት ምናምን፣ ውሃው መጀመሪያ ደፍርሶ ይወጣል፣ ቀስ እያለ ይጠራል፣ እየቀመስክ ነው ምታውቀው። ከዛ የጨው ውሃ ይዘጋጃል፣ የጨዉን ልክ እንዴት እንደሚያውቁት ታውቃለህ? ጥሬ እንቁላል ውሃው ውስጥ ይጥላሉ፣ ጨው እየጨመሩ ያማስላሉ፣ እንቁላሉ ተንሳፎ ጀርባው የሳንቲም ያህል ብቅ ሲል በቃ ደርሷል። ሎሚ ተቆርጦ፣ ቃሪያ፣ ከላይ የወይራ ዘይት ፈሰስ ተደርጎ ማሰሮው ይከደናል። ኬሚካል የታለ? ውሃ፣ ጨው፣ ሎሚ፣ ጊዜ። ፋብሪካ ውስጥ መራራውን ቶሎ ለማውጣት ኮስቲክ ሶዳ፣ ሳሙና የሚሠራበትን፣ የሚጠቀሙ አሉ፣ ይሄ እውነት ነው፣ ታጥቦ ስለሚወጣ ግን ሰው እንደሚፈራው አይደለም።

«ጥቁሩ ቀለም የተነከረ ነው» የሚለው ደሞ ግማሽ እውነት ስለሆነ በደንብ መለየት አለበት። አረንጓዴና ጥቁር ሁለት ዓይነት ዛፍ አይደሉም፣ አንድ ፍሬ ነው፣ አረንጓዴው ሳይበስል የተለቀመ፣ ወይን ጠጅ መልክ ያለው እየበሰለ ያለ፣ ጥቁሩ የበሰለ። ቃሪያና በርበሬ ማለት ነው። ቆርቆሮ ውስጥ ሚመጣው፣ ሁሉም ፍሬ እኩል ጥቁር የሆነው፣ ልስልስና ጣዕም የሌለው፣ ፒዛ ላይ የምታገኘው ግን አረንጓዴ ሆኖ ተለቅሞ ኮስቲክ ሶዳ በገባበት ውሃና በአየር የጠቆረ ነው፣ ጥቁሩ መልክ እንዳይለቅ ፌረስ ግሉኮኔት ሚባል የብረት ውህድ ይጨመርበታል፣ ጣሳው ላይ ኢ579 ተብሎ ተጽፎ ታገኘዋለህ። መርዝ አይደለም፣ ቀለም ነከሩት ማለትም አይደለም፣ ግን ዛፍ ላይ የበሰለም አይደለም። በተፈጥሮ የበሰለው መልኩ ይለያያል፣ አንዱ ፍሬ ቡናማ አንዱ ሐምራዊ፣ ቆዳው ትንሽ ጨምደድ ያለ። መለያው ይሄ ነው። በአንድ ነገር ግን ካንተ ጋ ነኝ፣ ጨው በጣም አለው፣ ደም ግፊት ያለበት ሰው ጥቂት ፍሬ ብቻ፣ እሱንም ውሃ ውስጥ አቆይቶ ይብላ።

የእሳቱ ጉዳይ። «ወይራ ዘይት እሳት ሲነካው መርዝ ይሆናል» የሚለው ወሬ ካንተ በፊትም የነበረ ነው፣ ብዙ ሰው ያምነዋል፣ እኔም ከመሄዴ በፊት አምን ነበር። ኩራ ያሉት ክርስቲያኖች አብዛኞቹ ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ጾም ሲገባ ቅቤና ሥጋ የለም፣ የሚበሉት ቢዜይት ሚባል ምግብ ነው፣ በዘይት ማለት ነው፣ ፎሶሊያ በቲማቲምና በሽንኩርት በብዙ የወይራ ዘይት ሰዓታት በእሳት ላይ፣ ባሚያ፣ ነጭ ባቄላ፣ ሁሉም። የጾም ወጥ ነው እንግዲህ፣ እኛ በኑግ ወይ በሱፍ እንደምንሠራው እነሱ በወይራ። ይሄን ሲበሉ የኖሩት ዛሬ ትናንት ጀምረው አይደለም።

በቁጥርም እንየው። ኤክስትራ ቨርጂን ሚባለው፣ በመጭመቅ ብቻ የወጣው ምርጡ ዘይት፣ መጭሰስ ሚጀምረው ከ190 እስከ 210 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ እንደ ጥራቱ ይለያያል። ወጥ ሲንተከተክ ውሃ ስላለበት 100 ዲግሪ አካባቢ ነው ያለው፣ ጥብስ ከዛ ከፍ ይላል፣ ሳምቡሳና ድንች ስትጠብስ ከ170 እስከ 180 ነው። ስለዚ የሽሮና የምስር እሳት ከቶ አይደርስበትም። ደሞ ዘይት በሙቀት ሚበላሸው በጭሱ ብቻ አይደለም፣ የስቡ ዓይነት ወሳኝ ነው። ወይራ ውስጥ ያለው ስብ አብዛኛው ኦሌይክ አሲድ ነው፣ ከ55 እስከ 83 በመቶ፣ እሱ ሙቀትን ይችላል፣ ተጨማሪ ደሞ ራሱን ከመበላሸት የሚጠብቁ ንጥረ ነገሮች አሉት። ኑግና ብዙው የሱፍ ዘይት ውስጥ የበዛው ሊኖሌይክ አሲድ ነው፣ እሱ ነው ቶሎ ሚሰነጠቀው። ኑግን ለማጣጣል አይደለም፣ የኑግ ዘይት ያለው ሽታ ለኔ አገር ቤት ነው። ግን እሳት ላይ መርዝ ሚሆነው ወይራ ነው ማለት ነገሩን ገልብጦ ማውራት ነው። ባዶ መጥበሻ ላይ ግሎ ጭስ እስኪወጣው የተተወ ዘይት፣ የፈለገው ዓይነት ዘይት ይሁን፣ ይደፋ። ውዱን ዘይት ሳምቡሳ መጥበሻ ማድረግ ብክነት ነው ብትል ኖሮ እስማማ ነበር፣ ሽታው ይጠፋል ብሩም ይጠፋል። እኔ ወጡን በተለመደው ዘይት ሠርቼ ሲወርድ ከላይ አንድ ሁለት ማንኪያ ወይራ ፈሰስ አደርጋለሁ፣ ፎሶሊያ ላይ፣ ጎመን ላይ፣ የቲማቲም ፍትፍት ላይ፣ ሱፍ ፍትፍት ላይ አልሞከርኩትም።

ልብን በተመለከተ። «የነጋዴ ወሬ ነው» ብለሃል። ነጋዴ አያጋንንም አልልም፣ ጠዋት በባዶ ሆድ አንድ ብርጭቆ ጠጣ፣ ካንሰር ያጠፋል፣ ስኳር ይፈውሳል የሚሉትን እኔም ስሰማ እናደዳለሁ፣ መድኃኒቱን ትቶ ዘይት የሚጠጣ ሰው ይኖራል ብዬ ስለምፈራ። ግን ጥናት የለም ማለት ሌላ ነው። ስፔን ውስጥ ፕሬዲሜድ ሚባል ትልቅ ጥናት ተደርጓል፣ 7447 ሰው፣ ለልብ በሽታ የተጋለጡ ግን ገና ያልታመሙ ትልልቅ ሰዎች፣ ሦስት ቦታ ተከፍለው አንዱ ቡድን አትክልትና ጥራጥሬ የበዛበት የሜዲትራኒያን አመጋገብ ከኤክስትራ ቨርጂን ወይራ ዘይት ጋ፣ አንዱ ያንኑ አመጋገብ እንደ ዋልነትና አልሞንድ ካሉ ፍሬዎች ጋ፣ አንዱ ስብ ቀንሱ የተባለ፣ አምስት ዓመት አካባቢ ተከታተሏቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቡድኖች ላይ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ)፣ ስትሮክና በዚሁ ምክንያት ሞት በድምሩ 30 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። በ2013 ታተመ፣ ከዛ አንዳንድ ቦታ ሰዎቹ በዕጣ አመዳደብ ላይ ስህተት ስለተገኘ ራሳቸው ጽሑፉን አነሱትና እንደገና አስልተው በ2018 አወጡት፣ ውጤቱ ተመሳሳይ ሆነ። ይሄን የምነግርህ ድክመቱንም እንድታውቀው ነው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በ2004 በቀን 23 ግራም፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማለት ነው፣ በሌላው ስብ ምትክ ቢገባ የልብ በሽታ አደጋን ሊቀንስ ይችላል የሚል ጽሑፍ ጠርሙስ ላይ እንዲጻፍ ፈቅዷል፣ መረጃው ውሱን ነው የሚል ማሳሰቢያ አብሮ እንዲጻፍ አድርጎ።

«ምትክ» የሚለውን ቃል አስምሩበት። በላይ በላዩ ከጨመርከው ስብ ነው፣ አንዱ ማንኪያ 120 ካሎሪ አለው። አቅም የሌለው ሰው ደሞ ወይራ ዘይት አላገኘሁም ብሎ አይጨነቅ፣ ምስሩ ጎመኑ ሽምብራው ባቄላው ራሱ ለልብ ጥሩ ምግብ ነው፣ ያ ጥናትም ቢሆን ዘይቱን ለብቻው ሳይሆን ከነአትክልቱ ከነጥራጥሬው ነው ያየው።

የጉሮሮው ነገር አጭር ነው፦ ማቃጠሉ ጥሩ ምልክት ነው። አዲስ የተጨመቀ ዘይት ለመጀመሪያ ጊዜ ማዓስራው ጋ፣ መጭመቂያው ማለት ነው፣ በዳቦ ነክሬ ስቀምስ አሳለኝ፣ ሰዎቹ ደስ አላቸው፣ «አይተሽ፣ ጥሩ ነው» አሉኝ። ኦሊዮካንታል ሚባል ንጥረ ነገር ነው ጉሮሮን የሚነካው፣ በ2005 ተመራማሪዎች አይቡፕሮፌን ሚባለው የህመም ማስታገሻ እንደሚሠራው ዓይነት ሥራ እንዳለው አሳይተዋል። ዘይት የሚቀምሱ ባለሙያዎች ጥሩ ብለው ነጥብ የሚሰጡት ሦስት ነገር ነው፣ የፍሬ ሽታ፣ መራራነት፣ ማቃጠል። ሲቀምሱ ሰማያዊ ብርጭቆ ነው ሚጠቀሙት፣ አረንጓዴ ይሁን ቢጫ እንዳያዩት፣ ምክንያቱም መልኩ ስለ ጥራቱ ምንም አይናገርም። የተበላሸ ዘይት የከረመ ለውዝ፣ የሻገተ ነገር ይሸታል።

ፍሪጁ ደሞ ምንም አያረጋግጥም፣ አንዱ እውነተኛ ዘይት ይረጋል አንዱ አይረጋም፣ እንደ ፍሬው ዓይነት ነው፣ ሌላ ዘይት የተቀላቀለበትም ሊረጋ ይችላል። ማጭበርበር ግን አለ፣ እዚህ ላይ ስጋትህ ትክክል ነው፣ በተለይ ስፔን በ2022 እና በ2023 በድርቅ ምርቷ ከወደቀ በኋላ ዋጋው ሲሰቀል ባሰ። ስለዚ ከፍሪጅ ይልቅ ጽሑፉን አንብቡ፣ «ኤክስትራ ቨርጂን» ማለት አሲዱ ከ0.8 በመቶ ያልበለጠ በመጭመቅ ብቻ የወጣ ነው፣ «ፖሜስ» የሚለው ከተጨመቀ በኋላ ከቀረው አተላ በኬሚካል ተስቦ የተጣራ ነው፣ ሱቅ ላይ የወይራ ስዕል ኖሮት በትንሽ ፊደል ፖሜስ የሚል ጠርሙስ ስንቴ አይቻለሁ። ጥቁር ጠርሙስ ምረጡ፣ ምድጃ ጎን አታስቀምጡት፣ ብርሃንና ሙቀት ይገለዋል። አምስት ኪሎ ምናምን ፍሬ ነው አንድ ሊትር የሚወጣው፣ ያንን ፍሬ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ምንጣፍ ዘርግተን በእጅ ስንለቅም ውለናል፣ ሲመሽ ጣቴ መታጠፍ እምቢ ይለኝ ነበር፣ በርካሽ የቀረበ ኤክስትራ ቨርጂን ሳይ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ እሱ ነው።

አሁን ወደ መጨረሻው፣ እኔን እንቅልፍ ወደነሳኝ ነጥብ። «የኛ ወይራ ከከሰል ውጪ አይጠቅምም።»

ወንድሜ፣ አያትህ ወተት የሚያስቀምጡበትን ቅል በምን ያጥኑት ነበር? የኔ አያት ጠዋት ጠዋት የወይራ ፍልጥ ጫፉን እሳት አስይዛ ቅሉን በአፉ ትደፋበት ነበር፣ ጭሱ ውስጡን እስኪሞላው፣ ከዛ ነው ወተት የሚገባው፣ እርጎው ላይ ያ ሽታ ይኖራል፣ ያ ሽታ ከሌለ እርጎ አይደለም ለኛ። የጠላው ጋንና እንስራም እንደዛው ነው። ይሄ ለሽታ ብቻ አይደለም፣ የአገራችን ተመራማሪዎች በወይራ የታጠነ ዕቃ ውስጥ ያለ ወተት ላይ ተህዋሲያን ቶሎ እንደማይራቡ አሳይተዋል፣ ፍሪጅ የሌለው ሰው ፍሪጁ ይሄ ነበር። ጥርሳችንን የፋቅነው በወይራ መፋቂያ ነው። የእረኛው ዱላ፣ የመጥረቢያው እጀታ ወይራ ነው፣ እንጨቱ ከባድ ነው፣ ምስጥ ቶሎ አይደፍረውም። ሊባኖሶቹ ፍሬውን አወቁት፣ እኛ እንጨቱንና ጭሱን አወቅነው፣ አንዱ ከሌላው አያንስም። እነሱም ቢሆኑ የሚጥሉት የለም፣ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረውን አተላ ጂፍት ይሉታል፣ አድርቀው ክረምት ላይ ምድጃ ያነዱበታል፣ ያለፈው ዓመት ዘይት ሳሙና ይሆናል፣ የሊባኖሷ ትሪፖሊ በዛ ሳሙና የታወቀች ናት። ዛፉን ግን አይቆርጡም። ቅርንጫፍ ይገርዛሉ እንጂ ግንድ የሚነካ ሰው አላየሁም፣ የሞተ ሰው የተከለውን ዛፍ መቁረጥ ነውር ነው።

እኛ ጋ የቀረው ወይራ ብዙው የት ነው? ቤተክርስቲያን ግቢ ውስጥ። ከሩቅ ገላጣ ሜዳ መሀል ክብ ሆኖ ጥቁር አረንጓዴ የምታየው፣ ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው፣ ኮሶው፣ እዛ የቀረው ሰው ስለፈራ ስለአከበረው ነው። ከዛ ውጪ ያለው ብዙው ለከሰል አልቋል፣ የወይራ ከሰል ረጅም ሰዓት ስለሚቆይ ይወደዳል፣ እኔም ገዝቼ አውቃለሁ፣ አሁን አልገዛም። ባህር ዛፍ በጥቂት ዓመት ይደርሳል ያልከው እውነት ነው፣ ገበሬው ማገዶና ገንዘብ ያስፈልገዋል፣ ባህር ዛፍ አትትከሉ አልልም፣ ለእንጨት የሚሆን ቦታ ላይ ይተከል። ግን ወይራውን ነቅለህ አይደለም። ባህር ዛፍ ሥር ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር በደንብ አይበቅልም፣ ወይራ ግን ድርቁን ችሎ ገደሉ ላይ አፈር ይዞ ይቆማል፣ ወፉ ፍሬውን በልቶ ዘሩን ሌላ ቦታ ይጥላል።

መትከል የምትፈልጉ ካላችሁ ከስህተቴ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ዘሩን ዝም ብላችሁ አፈር ውስጥ ብትቀብሩት ዓመት ትጠብቃላችሁ፣ ድንጋዩ ጠንካራ ስለሆነ ቡቃያው ቶሎ አይወጣም፣ ጫፉን በጥንቃቄ ሰነጠቅ ማድረግ ወይ ሽፋኑን ማውለቅ ይረዳል። ችግኙን ደሞ ገላጣ ሜዳ ላይ ብቻውን አትትከሉት፣ ልጅ እያለ ጥላ ይወዳል፣ ትግራይ ውስጥ የተደረገ ጥናትም እንደ ደደሆ ባለ ቁጥቋጦ ሥር ያለው ወይራ ከገላጣው በተሻለ እንደሚተርፍ ነው ያየው፣ ቁጥቋጦው ከፀሐይም ከፍየልም ይጋርደዋል። እኔ ከሊባኖስ ከተመለስኩ በኋላ መርሐቤቴ አያቴ ጓሮ ሁለት ችግኝ ተከልኩ፣ አንዱን አጥር ዳር ባዶ ቦታ ላይ፣ አንዱን ቁጥቋጦ ሥር። የአጥሩን ፍየል በላው። የቁጥቋጦው ባለፈው ፋሲካ ስሄድ ጉልበቴ ጋ ደርሷል፣ ቅጠሉን ገልብጬ አየሁት፣ ጀርባው ወርቅማ ነው።